ሩብ የጎደለው ጨው

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባቷ።

ከምድጃው የወጣው የመጀመሪያው ትሪ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ የተደረደሩት ዳቦዎች ግን የዳቦ ወግ የላቸውም። መሃላቸው ሟሽሿል፣ ጠርዛቸው ወደ ጎን ፈስሶ እርስ በርስ ተጣብቋል፣ መልካቸውም ገርጥቷል። አባቷ አንዱን ከትሪው ላይ ላቀቀና አገላብጦ አየው። ሌላ ጊዜ ትኩስ ዳቦ እጁ ሲገባ ፊቱ ይፈካ ነበር። አሁን በሁለት ጣቱ ብቻ ነው የያዘው።

ልጅቷ ከሚዛኑ ኋላ ቆማለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስም አላት፤ ነገር ግን በዳቦ ቤቱም ሆነ በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት የለም። «ሚዛኔ» ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች እርሾና ጨው ስትመዝን ቅንጣት እንደማታዛንፍ አየና ላገኘው ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ እጅ ከሚዛኑ ይበልጣል» እያለ ደረቱን ሲነፋ ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጨዉን የምትመዝነው እሷ ናት። ሌላ ሰው የመዘነውን አባቷ ሁለቴ ሦስቴ ያያል። እሷ የመዘነችውን ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም።

እናቷ ዳቦ በምትሸጥበት መስኮት በኩል የሰልፈኛው ጫጫታ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚወጣው ግን የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው። «መቼም ዛሬ ዳቦ የምንበላ አይመስለኝም!» ይላል። እኚህ እትዬ መቼም ናቸው። ያለ «መቼም» አፋቸውን ስለማይከፍቱ ሰፈሩ ሌላ ስም ሊያወጣላቸው አልቻለም።

አባቷ ወደ ሊጥ አቡኪው ዞረ። «ጋሽ ቡጢ፣ ሊጡን ምን አደረጉት?»

ጋሽ ቡጢ ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው። ሊጥ ሲያቦኩ በቡጢ እየደለቁ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባሉት እንጂ እንኳን ሰው ዝንብ መምታት አይሆንላቸውም። «እንደ ሁልጊዜው ነው ያቦካሁት» አሉ።

«እንደ ሁልጊዜው ቢሆን እንደ ሁልጊዜው ይወጣ ነበር!»

«እጄ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ደሞ ሳይታሰብ ኩፍ አለ። ምን እንደነካው እንጃ።»

«እንጃ? ይህን ሁሉ ዘመን ሲያቦኩ ኖረው እንጃ?» አለ አባቷ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል። «ምናልባት ደክሞዎት ይሆናል። ዕድሜም አለ። ሽርጡን ያውልቁና ጥቂት ቀን ይረፉ።»

ጋሽ ቡጢ አልተከራከሩም። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው የሽርጡን ቋጠሮ መፈለግ ጀመሩ። ጣታቸው ሊጥ በሊጥ ስለነበር ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ሚዛኔ ዓይኗን ከጣታቸው ላይ አልነቀለችም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የተጀመረው በሲስተር ነው። ሲስተር የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዋን ይዛ መጥታ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ከጥላው ሥር ትዘረጋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያለ ቀጠሮ የሚገናኘው እዚያ ነዋ። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አስቀምጣ ግፊቱን ትለካለች፣ ጣቱን ወጋ አድርጋ ስኳሩን ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲስቅባት ነበር። በኋላ «እኔ እንኳን ፈረስ ነኝ» ያሉት ሁሉ ቁጥራቸውን እየሰሙ ዝም ማለት ጀመሩ።

ሲስተር ለክታ ብቻ የምትሄድ ሰው አይደለችም። ሻይ ቤቱን አግባብታ ሻይ ሳይጣፍጥ እንዲቀርብ፣ ስኳር የፈለገ ጠይቆ እንዲወስድ አደረገች። ጫማ ሰፊው ራሱ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ እሱን ደግሞ የጠዋት የእግር ጉዞ መሪ አድርጋ ሾመችው። ሹመቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ይኸው በየማለዳው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዙሪያ ሰውን ሁሉ እየነዳ፣ ያዘገመውን በስሙ እየጠራ ያሳፍራል። የቀረው ዳቦው ነበር።

«ሰፈሩ ሁሉ የአንተን ዳቦ ነው የሚበላው» አለችው ሲስተር አባቷን አንድ ቅዳሜ። «ጨዉን በሩብ ብትቀንስልን እኔ ዓመት ሙሉ ከምለፈልፈው ይበልጣል።»

«ሲስተር፣ ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ዳቦዬን ብቻ አትንኪብኝ። ልኩን የሰጠኝ አባቴ ነው።»

«እሺ፣ እንግዲያው ክንድህን ስጠኝ።»

ሰልፈኛው እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። ክንዱን ሰጣት። ሲስተር ለካችና እንደገና ለካች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ ነገረችው። «መቶ ሰባ በመቶ አምስት። ይሄ ከፍተኛ ነው። ጤና ጣቢያ መምጣት አለብህ።» አባቷ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «እሳት ፊት የሚውል ሰው ደሙ ባይሞቅ ነው የሚገርመው!» አለ ጮክ ብሎ። ሰልፈኛውም ሳቀለት።

ሚዛኔ አልሳቀችም። ቁጥሩን በዓይኗ አይታዋለች። ሲስተርን ለብቻዋ አግኝታ ያ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ጠየቀቻት፤ ሲስተርም ሳትደብቅ ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት፣ አንድ ጠዋት ድንገት አንደበቱ ስለሚተሳሰር ሰው ነገረቻት። ከዚያ በኋላ አባቷ ምድጃው ፊት ጎንበስ ባለ ቁጥር ቀና እስኪል ድረስ ትንፋሿን ትይዝ ጀመር።

እናም አንድ ጠዋት ጨዉን ስትመዝን አንድ ማንኪያ ወደ ከረጢቱ መልሳ ከተተች። ማንም አላወቀም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ትንሽ ትንሽ ጨመር እያደረገች ቀነሰች። አሁንም ማንም አላወቀም። እንዲያውም አባቷ ትኩሱን ዳቦ ቆርሶ እያጣጣመ «እንደ ዛሬ ያለ ዳቦ ጋግረን አናውቅም!» ሲል ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጡባት። ዛሬ ጠዋት ግን ልቧ አበጠ። ይህን ያህል ካላወቁ ምን ያንቀረፍፈኛል አለችና ከግማሽ በላይ አስቀረችው። ጨው ሲያንስ ሊጥ እንደሚልፈሰፈስ፣ እርሾውም ያለ ሃይ ባይ እንደሚሮጥ የነገራት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ጋሽ ቡጢ የሽርጡን ቋጠሮ ሊፈቱት ነው።

«አባዬ» አለች። ከሚዛኑ ኋላ ወጣች። «አባዬ፣ እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ጨዉን ቀነስኩት።»

አባቷ አያት። «ተሳስተሽ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር፤ አዎ በይኝ የሚል ልመና ነበር። ሚዛኔን ከምንም በላይ ያቆሰላት ያ ልመና ነው።

«አይ። ሆን ብዬ ነው።»

እናቷ ከመስኮቱ ዞር አለች። ጋሽ ቡጢ እጃቸውን ከሽርጡ ላይ አነሱ።

«መቼ ጀመርሽ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

አባቷ በእጁ የያዘውን ዳቦ አየ፤ ከዚያ እንደገና እሷን አየ። «እና እኔ… በልቼዋለሁ?»

«አዎ» አለች ሚዛኔ። «ወደኸውም ነበር።»

ይህን ባትጨምር ይሻላት ነበር። የአባቷ ፊት ቀላ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዳቦውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠና በሩን ከፍቶ ወደ ሰልፈኛው ወጣ። «ዛሬ ዳቦ የለም» ሲል ተሰማ። «የወጣው የእኔ ዳቦ አይደለም፤ አልሸጠውም። ጥፋቱ የቤቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።» አባቷ ይቅርታ ሲል ሚዛኔ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ተመልሶ ገብቶ ጋሽ ቡጢንም «ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ለእሷ የቀረላት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«ከሚዛኑ ራቂ።»

ያን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ጀመረች። «ፍሬንድ፣ ዛሬ ዳቦ የለም ተባልን። ቁርሴን ሻይ ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ እሱም ስኳር የለውም። ሰፈራችን ምን ሆነ?»

«ባክሽ ተዪኝ።»

«ኧረ ሙድ የለሽም ዛሬ!» አለች ጓደኛዋ፤ ከዚያ ግን ፊቷን አየችና ማስቲካ አቀበለቻት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሚዛኔ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። እውነቱን ለመናገር የሄደችው ለመጽናናት ነው። ሲስተር ፀጉሯን ዳበስ አድርጋ «አይዞሽ፣ ለበጎ ብለሽ ነው» እንድትላት ፈልጋለች። ሲስተር ግን ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ማን አድርጊ አለሽ?»

«አንቺ ራስሽ ጨው ይቀነስ ስትዪ…»

«እኔ አባትሽን ጠየቅኩት፤ እምቢ አለኝ። እምቢ ያለ ሰው ይለመናል፣ ይከራከሩታል፣ ነገም መጥተው ይነዘንዙታል እንጂ ሳያውቅ እምቢ ያለውን አያበሉትም። እኔ ያንን ጠረጴዛ ይዤ የምመጣው ሰው ስለሚያምነኝ ነው። ነገ ሰፈሩ 'ሲስተርም ሳትነግረን የምታደርግብን ነገር ይኖራል' ብሎ ክንዱን ቢነፍገኝ ማንን ልለካ ነው?»

ሚዛኔ ክው አለች። ይህን አላሰበችውም። ሲስተር ፊቷ ሲለዋወጥ አይታ ወንበር ሳበችላት። «ፈርተሽ ነው። ይገባኛል» አለች ለስለስ ብላ። «ፍርሃትሽን ግን ለእሱ ንገሪው እንጂ ለጨው አትንገሪው።»

ሚዛኔ በዚያ ቀንም ሆነ በማግስቱ ለአባቷ ምንም ልትነግረው አልቻለችም፤ ምክንያቱም እሱ እሷ ባለችበት በኩል አያይም። ጨዉን ራሱ መመዘን ጀምሯል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያጉረመርማል። እሷ ጥግ ላይ ትሪ እየወለወለች ታየዋለች።

ዝምታውን የሰበሩት ጋሽ ቡጢ ናቸው። ሊጡን እየደለቁ፣ ለማንም ሳይሆን ለሊጡ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «እኔን አንድ ነገር ነው የሚገርመኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ቀን ስንበላው አንዳችንም አላወቅንም።»

አባቷ ቀና አለ። «ልብ ብዬ ስላልቀመስኩት ነው። ልብ ብል አውቀዋለሁ።»

«ይሆናል።»

«ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይሆናል ማለት ይሆናል ነው» አሉ ጋሽ ቡጢ፤ ሊጡን ገልብጠው መቱት።

አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ከሚውጥ ትኩስ ድንጋይ ቢውጥ ይመርጣል። ሽርጡን ጎተት አደረገና ለቤቱ ሁሉ አወጀ። «ቅዳሜ! ሰው ሁሉ ባለበት! ሁለት ዓይነት ዳቦ ይጋገራል። አንዱ በአባቴ ልክ፣ አንዱ ሲስተር ባለችው፣ ሩብ ተቀንሶ። ዓይኔን ሸፍናችሁ ታቀምሱኛላችሁ። መለየት ካቃተኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲስተርን ዳቦ እንሸጣለን። ከለየሁ ግን የጨው ነገር በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ!»

«ማን ይመዝን ታዲያ?» አሉ ጋሽ ቡጢ።

አባቷ ወደ ጥጉ ሳያይ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አወረደ። «እሷው ትመዝን» አለ። «ሌላ ማን አለ?»

ዓርብ ከሰዓት እናቷ የዱቄት ከረጢቶቹን እያጠፈች ጠራቻት። የምትናገረውን አስቀድማ ያሰበችበት መሆኑ ያስታውቃል። «ስሚኝማ ልጄ። ነገ ሩብ አትቀንሺ።»

«እንዴት?»

«ትንሽ ብቻ። እንደ መጀመሪያው ቀን። ያኔ አላወቀም፤ ነገም አያውቅም። ቃሉን ሰጥቷል፣ ከቃሉ አይመለስም። ከዚያ ቀስ እያልን ሩብ እናደርሰዋለን።»

«ሩብ ቀንሻለሁ ብዬ ፊቱ ላይ ልዋሽ?»

«ምን አለበት? ለራሱ ጤና አይደል?» የእናቷ እጅ ከረጢቱ ላይ ቆመ። «እኔም እኮ ያን ቁጥር ሰምቼዋለሁ። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትፈሪው?»

ሚዛኔ አንዱን ከረጢት አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ለራሱ ጤና ነው። ጨዉን መልሳ በከተተች ቁጥር ለራሷ የምትለው ይህንኑ ቃል ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከሚዛኑ ፊት ቆመች። ለመጀመሪያው ሊጥ ግማሽ ኪሎ ጨው፣ የአያቷን ልክ፣ ሳትቸገር መዘነች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ከበዳት። ትንሽ ብቻ ብትቀንስ ነገሩ ያለቀ ነው። አባቷ ይረታል፣ ሰፈሩ ይለምዳል፣ ያ ቁጥርም ምናልባት ይወርዳል። ሩብ ብትቀንስ ግን ሊያውቀው ይችላል። ምላሱ ቀላል ምላስ አይደለም፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ካወቀው ደግሞ ለዘላለሙ በሩ ተዘጋ።

ጨው የጨበጠ እጇ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋሽ ቡጢ ዱቄት እየነፉ ነው፤ አላዩም፣ ወይም ያላዩ መስለዋል። ሚዛኔ የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ ያንን «ተሳስተሽ?» ያለበትን። ያኔ ምንኛ እውነት እንዳይሆን እንደፈለገ ትዝ አላት። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ አፍ ሁለተኛ እንዲወጣ አትፈልግም።

እጇን ወደ ጨው ከረጢቱ መልሳ ዘረገፈችው። ሩቡን ልቅም አድርጋ ቀነሰች።

«ጋሽ ቡጢ፣ ይዩልኝ።»

ሽማግሌው መጥተው ጎንበስ ብለው ሚዛኑን አዩ፣ እሷንም አዩ። «ልክ ነው» አሉ። «ለዚህኛው እርሾውንም ትንሽ እንቀንስለታለን። ብዙም አናቆየውም፤ ኩፍ ሲል እኔ እነግርሻለሁ። ባለፈው ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

«ቢቆጡኝስ ብዬ ነው።»

«እቆጣሽ ነበር። ከዚያ እነግርሽ ነበር።»

ሁለቱም ትሪ ተራ በተራ ወጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ፈካ ያለ ነው እንጂ ደልደል ብሎ፣ ጀርባው ተነፍቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ወጣ። ሚዛኔ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ፈርታለች፤ ቢሆንም በዚያ ዳቦ ኮራች። ተደብቃ ስትሠራ አንድም ቀን እንዲህ ተሰምቷት አያውቅም።

ከጥላው ሥር የሲስተር ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ወሬው ቀድሞ ተሰምቶ ስለነበር ሰው ከወትሮው በዝቷል፤ ጫማ ሰፊውም ተጓዦቹን በሙሉ ከሜዳው እየነዳ አምጥቷቸዋል። እትዬ መቼም «መቼም ዳኛ ያስፈልጋል» ብለው ሳይሾሙ ተሾሙና የአባቷን ዓይን በንጹሕ ፎጣ ራሳቸው አሰሩት። እያጮለቀ እንዳይሆን ሁለት ጊዜ ጎተት አድርገው አረጋገጡ።

የመጀመሪያውን ቁራሽ እናቷ አጎረሰችው። አኘከ። ውኃ ጠጣ። ሁለተኛውን አጎረሰችው። አኘከ፤ ማኘኩን አቆመ፤ እንደገና አኘከ። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ሁለተኛው» አለ አባቷ። «ጨው የጎደለው ሁለተኛው ነው።»

እትዬ መቼም ሚዛኔን አዩ። ሚዛኔ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጭብጨባው ቀለጠ። አባቷ ፎጣውን ገፎ ጣለና እጁን ዘርግቶ ዞረ፤ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲያበራ ሚዛኔ አይታው አታውቅም። በመሃል የእናቷን ዓይን ስታገኝ ወደ መሬት አየች። አለቀ። ልክ መዝና በገዛ እጇ በሩን ዘጋችው።

«እስቲ ለእኔም» አሉ እትዬ መቼም። ከሁለቱም ቆርሰው እያላመጡ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። «መቼም ዋሽቼ አልሞት፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«እንዴት አንድ ይሆናሉ!» አለ ጫማ ሰፊው ዘሎ ገብቶ። ቀመሰና በሙሉ እምነት ጣቱን ቀሰረ። «ጨው የጎደለው የመጀመሪያው ነው!»

«ተሳስተሃል!» አለው አባቷ።

«አልተሳሳትኩም! ይሄ ነው አልጫው!»

ቁራሹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ይህ ነው ይላል፣ ሌላው ያ ነው ይላል፤ ሁለት ጎረቤታሞች ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም። አባቷ መጀመሪያ ተናደደ፣ ቆይቶ ፈገግ አለ፣ ኋላ ጭራሽ ሳቁ አሸነፈው። ሰፈሩ ሁሉ የማያውቀውን እሱ ብቻ አውቆታል። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ ከሁለተኛው ዳቦ ሌላ ቁራሽ አነሳ። አሁን እንደ ተወዳዳሪ አልነበረም የሚያኝከው፤ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቅርፊቱን ጫን አደረገ፣ ውስጡን ገልጦ አየ፣ አሸተተው።

«ምን ያህል ነው የቀነስሽው?» አላት። ከዚያ ከከፋው ጠዋት ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

«ሩብ። የተባለውን።»

«ከዚያ ያነሰ ቢሆን ኖሮ አላውቀውም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው ሩቡን የቀነስሽው?»

«አንተ የተስማማኸው በሩብ ነው» አለች ሚዛኔ። ሲስተር ያለቻት ትዝ አላትና ቀጠለች። «አባዬ፣ እኔ ፈርቼ ነው። ምድጃው ፊት ስትቆም እፈራለሁ። ያኔ እንደዚህ ብዬ መንገር ነበረብኝ እንጂ መደበቅ አልነበረብኝም።»

አባቷ ቁራሹን አስቀመጠና ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ?» አለ። ድምፁ ሰንጠቅ አለበት። «ልታታልለኝ ትችል ነበር። ሚዛኑ እጇ ላይ ነበር፤ ማንም አያይም ነበር። ልክ መዝና መሸነፍን መረጠች። የእኔ ልጅ ናት!»

«መቼም በእናቷ ነው የወጣችው» አሉ እትዬ መቼም፤ እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አሁን ማነው ያሸነፈው?» ሲል ጠየቀ አባቷ።

«አንተ!» አለ ሰዉ።

«እንግዲያው ያሸነፈ ይወስናል።» ሁለተኛውን ዳቦ ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይሄ ጥሩ ዳቦ ነው። ሌላ ሰው ጋግሮት ቢሆን እቀናበት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚሸጠው ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ ተሸንፌ አይደለም! ወስኜ ነው!»

ሲስተር ወንበሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። አባቷ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ራሱ ሰበሰበ። ቁጥሩ አሁንም ከፍ ያለ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም። «ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ» አለችው ሲስተር። «ዳቦው ለሰፈሩ ነው፤ አንተ ግን መድኃኒትም ሳያስፈልግህ አይቀርም።» አባቷ ምድጃውን ማን ሊያይልኝ ነው ሊል አፉን ሲከፍት ጋሽ ቡጢ ቀደሙት። «እኛ አለን» አሉ። ሚዛኔ «እኛ» ሲሉ ወደ እሷ እንዳዩ ልብ አለች።

ሰኞ ጠዋት አባቷ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከበሩ ሁለቴ ተመልሶ ምድጃውን አይቶ፣ በመጨረሻ ወጣ። ሚዛኔ ጨዉን መዝና ስትጨርስ፣ የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ፣ እጇን ታጥባ ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት እስክሄድ መስኮቱ ላይ እኔ ልቁም።»

«ምነው?»

«ቅዳሜ ያልነበረ ሰው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ልነግረው ነው።»

እናቷ መስኮቱን አሻግራ ሰልፉን አየች። ረጅም ነው። «ስንቱን ታስረጃለሽ? የሚያጉረመርም አይጠፋም። ዝም ብለሽ ብትሰጪያቸው እኮ አያውቁትም።»

«ለዚያ ነው» አለች ሚዛኔ።

እናቷ አንድ አፍታ አየቻትና ቦታውን ለቀቀችላት። ሚዛኔ መስኮቱን ከፈተች። ከፊት የቆመው ሰውዬ ሥራ የረፈደበት ነው፤ ፌስታሉን ዘርግቶ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

«ከመስጠቴ በፊት» አለች፣ «ስለ ዳቦው አንድ ነገር ልንገርዎት።»